ባልሽ ወስፌ ሲይዝ

በዚህ እትም የምንነጋገርበት ርእስ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ስለ ቆዳ ሥራ ነው። ስለ ቤተሰብ ጸሎት፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ አማት ነገር ስንጽፍ ቆይተን ዛሬ ወደ ወስፌና ወደ ቆዳ ቀለም የገባነው ግን ያለ ምክንያት አይደለም።

አንዲት እኅት በላከችልን ደብዳቤ ያሳሰባትን ነገር ገልጻልናለች። ባለቤትዋ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቆዳ መስፋት ጀምሯል። ከማንም ሳይማር፣ አንድ ቁራጭ ቆዳና አንድ ወስፌ ገዝቶ የጀመረው ሥራ አሁን የምግብ ጠረጴዛውን ይዞታል። ቤቱ ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል። ለወር አስቤዛ ከተቀመጠው ገንዘብ ላይ ሳያማክራት ቀለምና መሣሪያ ገዝቷል። ከሁሉ በላይ ያሳፈራት ደግሞ ጎረቤቶች በቀልድ አስመስለው ሥራውን እያነሡ የሚወረውሩት ቃል ነው። ነገር ግን በደብዳቤዋ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጨምራለች፤ ባለቤትዋ መሥሪያ ቤቱን ከለቀቀ በኋላ ፊቱ ሲፈካ ያየችው ወስፌውን ይዞ ሲቀመጥ ብቻ ነው። ላስቁመው ወይስ ዝም ልበል ብላ ትጠይቃለች።

እኅታችን ሆይ፣ ከማስቆምና ከዝምታ ሌላ ሦስተኛ መንገድ አለ። እርሱም ወንበር ስበሽ አጠገቡ መቀመጥ ነው። ባለቤትሽ ሳያማክርሽ የቤቱን ገንዘብ ማውጣቱ ትክክል አይደለም፤ ይህን በግልጽ እንናገራለን። በሥራው ማፈርሽ ግን ከእግዚአብሔር ቃል የመጣ ሐሳብ አይደለም። ሁለቱን ነገሮች ለያይተን እንያቸው።

ሥራው ያሳፍራልን?

በአገራችን ፋቂ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ የሚሉት ቃላት ለረጅም ዘመን የሙያ ስም ብቻ ሳይሆኑ ስድብም ነበሩ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጆችን በሙያቸው መስደብ እንዲቀር አዝዘዋል። አዋጁ ከወጣ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም ዛሬም በአንዳንድ አካባቢ በዚህ ምክንያት ልጅ መስጠትና መቀበል የሚከለክል ቤተሰብ አለ። ይህ ነገር በጉባኤዎቻችን ውስጥ ገብቶ ከተገኘ ንስሐ የሚያስፈልገው እንጂ ባህል ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

በአይሁድም ዘንድ የቆዳ ፋቂ ነገር ከዚህ የተለየ አልነበረም። የሞተ እንስሳ የነካ ሰው እስከ ማታ ርኩስ ይሆን ነበር (ዘሌዋውያን 11፥39)። በእ.ኤ.አ. 200 ገደማ የተሰበሰበው ሚሽና የተባለው የአይሁድ ሕግ መጽሐፍ የቆዳ ፋብሪካ ከከተማ 50 ክንድ እንዲርቅ ያዝዛል። ባልዋ ቆዳ ፋቂ የሆነባት ሴት መታገሥ አልቻልሁም ብላ ፍቺ መጠየቅ እንደምትችልም ይናገራል። እንግዲህ የደብዳቤያችን ጸሐፊ ያሳፈራት ነገር አዲስ አይደለም ማለት ነው!

ታዲያ ሐዋርያው ጴጥሮስ በኢዮጴ ብዙ ቀን የተቀመጠው በማን ቤት ነበር? ቁርበት ፋቂ በሆነው በስምዖን ቤት ነው (ሐዋርያት ሥራ 9፥43)። ወንጌል ወደ አሕዛብ እንዲሄድ ያደረገውን ራእይ ጴጥሮስ ያየው በዚያው ቤት ሰገነት ላይ ነው። ሰው የሚሸሸው ቤት እግዚአብሔር የመረጠው ቤት ሆነ።

ከዚህም በላይ በሙሴ ዘመን የመገናኛው ድንኳን መደረቢያ የተሠራው ቀይ ከተነከረ የአውራ በግ ቁርበት ነበር (ዘጸአት 26፥14)። ቆዳውን ያለፋ፣ ቀለሙን የነከረ፣ የሰፋ ሰው ነበረ ማለት ነው። ባስልኤልና ኤልያብ በእጅ ጥበብ የተሞሉት በእግዚአብሔር ነው፤ ለሌሎች እንዲያስተምሩም ተሰጥቷቸዋል (ዘጸአት 35፥30-35)። በሐዲስ ኪዳን ደግሞ ለባልና ሚስት ትልቅ ምሳሌ የሚሆኑን አቂላና ጵርስቅላ ናቸው። ሙያቸው ድንኳን መስፋት ነበር፤ ጳውሎስም ሥራው አንድ ስለ ሆነ አብሯቸው ተቀምጦ ይሠራ ነበር (ሐዋርያት ሥራ 18፥1-3)። ቃሉ የቆዳ ሥራንም ሊያካትት እንደሚችል የሚያስረዱ የመጽሐፍ ቅዱስ ተመራማሪዎች አሉ። ቆዳም ይሁን ሸራ፣ ባልና ሚስት በአንድ ሥራ ላይ ተቀምጠው ሲሰፉ፣ በቤታቸውም ቤተ ክርስቲያን ስትሰበሰብ እናያለን (ሮሜ 16፥3-5)።

ከመግዛታችሁ በፊት ተስማሙ

የእጅ ሥራ መልካም መሆኑ አስቤዛውን ይነካ ዘንድ መብት አይሰጠውም። ባልና ሚስት ከመጀመራቸው በፊት ቁጭ ብለው በሦስት ነገር ይስማሙ። አንደኛው በወር ምን ያህል ገንዘብ ለዚህ ሥራ እንደሚወጣ ነው፤ ትንሽም ቢሆን የታወቀ ይሁን። ሁለተኛው ሥራው በየትኛው ጥግ እንደሚሠራና ዕቃው የት እንደሚቆለፍ ነው። ሦስተኛው በየትኞቹ ሰዓቶች እንደሚሠራ ነው፤ የቤተሰብ ጸሎትና እራት ከሚገፋ ሥራ ዕረፍት አይገኝም።

ወንድሜ ሆይ፣ መሣሪያ መሰብሰብ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ሥራውን ያልለመደ ሰው ገና አንድ የኪስ ቦርሳ ሳይጨርስ ሃያ ዓይነት መሣሪያ ያምረዋል። ገንዘባችሁ ገደብ ካለው ቅድሚያ ለጥሩ ቢላዋና ለጥሩ ክር ስጡ፤ ሌላው ቀስ ብሎ ይመጣል።

ቆዳውን መምረጥ

ገበያ ላይ የምናገኘው ቆዳ በዋናነት በሁለት መንገድ የለፋ ነው። አንዱ በክሮም የለፋው ነው። ፋብሪካ ውስጥ በአጭር ጊዜ የሚለፋ፣ ለስላሳ፣ የሚለጠጥ፣ ውሃን በተሻለ የሚችል ሲሆን አብዛኛው የጃኬት፣ የጫማ ፊትና የሴት ቦርሳ ቆዳ ይህ ነው። ሁለተኛው ታኒን ባለው የዛፍ ልጥና በመሳሰለው ዕፅዋት የለፋው ነው፤ ነጋዴዎች ቬጀቴብል ይሉታል። ለመልፋት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ጠንከር ያለ ነው፤ በውሃ ሲርስ ቅርጽ ይይዛል፤ ማኅተም ይቀበላል፤ ቀለም ይጠጣል፤ ፀሐይና እጅ ሲነካው እየጠቆረ ያምራል።

በእጁ መቀባትና ማስጌጥ የሚፈልግ ሰው የሚያስፈልገው ይህ ሁለተኛው ነው። መርካቶ የጫማ ሠሪዎች ዕቃ ወደሚሸጥባቸው ሱቆች ስትሄዱ ለሶልና ለውስጥ ሶል የሚሆነውን ደረቅ ቆዳ ጠይቁ፤ እንዲህ ያለው ብዙውን ጊዜ በዕፅዋት የለፋ ነው። ቀድሞ ቀለም ያለው ለስላሳ ቆዳ ከመረጣችሁ ደግሞ የምትወዱትን ቀለም እዚያው መርጣችሁ ግዙ እንጂ ለመቀባት ብላችሁ ቀለም አትግዙ፤ በክሮም ለፍቶ ያለቀ ቆዳ የእጅ ቀለም በደንብ አይቀበልም።

ሻጩ የነገራችሁን ሁሉ ከመቀበላችሁ በፊት በእርጋታ ፈትሹ።

በመጀመሪያ የተቆረጠውን ዳር ተመልከቱ። ከሥሩ ጨርቅ ወይም ስፖንጅ ከታየ ሰው ሠራሽ ነው። መሐሉ ወደ ግራጫ ሰማያዊ የሚያደላ ከሆነ ክሮም የመሆኑ ነገር ይጠነክራል፤ ቡናማ ከሆነ በዕፅዋት የለፋ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉበት። ያልተቀባ በዕፅዋት የለፋ ቆዳ ውሃውን ጠጥቶ ቦታው ይጠቁራል። በጥፍር ስትጫኑትም ምልክቱ ይቀራል።

በመጨረሻ እጠፉት። ላዩ እንደ ቀለም ከተሰነጠቀ ላዩ ላይ ወፍራም ሽፋን አለበት ማለት ነው። ከተፈጨ የቆዳ ትርፍራፊ በሙጫ ተጣብቆ የሚሠራ ቆዳም አለ። እርሱም ቆዳ ነው ተብሎ ይሸጣል፤ ቀበቶ ብታደርጉት ግን ብዙ ሳይቆይ ይቆራረጣል።

የእንስሳውም ዓይነት ልዩነት አለው። የደጋ በጎቻችን ቆዳ ለስላሳና ቀጭን ስለ ሆነ በዓለም ገበያ ለጓንት የሚፈለግ ነው፤ ለቀበቶ ግን አይሆንም። የፍየል ቆዳ ቀጭን ቢሆንም ጭረቱ የጠበቀ ስለ ሆነ ለኪስ ቦርሳና ለመጽሐፍ ሽፋን ተስማሚ ነው፤ የባቲ ፍየል ቆዳ በነጋዴዎች ዘንድ በስሙ ይታወቃል። የከብት ቆዳ ለቀበቶና ለትልቅ ቦርሳ ነው። ከከብት ቆዳም ጀርባው ጠንካራና እኩል ነው፤ ሆዱ ግን የሚለጠጥ ስለ ሆነ ሸክም ለሚይዝ ነገር አትጠቀሙበት። ካሞሽ የምንለው ፀጉራም መሳይ ቆዳ ደግሞ ለውስጥ ገበር ያምራል።

ስለ ውፍረት ይህን ያዙ። ለኪስ ቦርሳ ውስጠኛ ክፍል 1 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ለውጩ ከ1.2 እስከ 1.5፣ ለመጽሐፍ ቅዱስ ሽፋን ከ1.5 እስከ 2፣ ለትከሻ ቦርሳ ከ2 እስከ 2.5፣ ለቀበቶ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይበቃል። በአሜሪካ የምትኖሩ ወገኖች ውፍረቱ በአውንስ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፤ 1 አውንስ 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ስፋቱ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ በስኩዌር ፊት ሲሆን አንዱ በየጎኑ ከ30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ አራት ማዕዘን ማለት ነው።

ቆዳው ላይ የእሾህ ጭረት፣ የመዥገር ምልክት ወይም የእከክ በሽታ የተወው ነጠብጣብ ልታዩ ትችላላችሁ። እንዲህ ያለው ቆዳ ዋጋው ዝቅ ይላል፤ ለጀማሪ ግን መልካም ነው። ጠባሳውን ወደማይታይ ቦታ አድርጎ መቁረጥ የሙያው አንዱ ክፍል ነው። ለመጀመሪያ ልምምድ ደግሞ ቦርሳና ጫማ ሠሪዎች የሚጥሉትን ቁርጥራጭ ጠይቁ።

ቀለሙን መምረጥ

ለቆዳ የሚሆኑ ቀለሞች በሦስት ይከፈላሉ። በአልኮል የተበጠበጠው ቶሎ ይገባል፣ ቶሎ ይደርቃል፤ ነገር ግን ጀማሪ ሲቀባው መስመር መስመር ይሠራል፣ ቆዳውንም ያደርቃል። በዘይት የተሠራው ቀስ ብሎ ስለሚገባ እኩል ይወጣል። በውሃ የተበጠበጠው ሽታው አነስተኛ ስለ ሆነ ልጆች ላሉበት ቤት የተሻለ ነው፤ ጥልቀቱ ግን ያንሳል፣ ቆዳውንም ትንሽ ሊያጠነክር ይችላል። ለቤት ውስጥ ሥራ ከውሃው ብትጀምሩ እንመክራለን። የሥዕል አክሪሊክ ቀለም ወደ ቆዳው አይገባም፤ ላዩ ላይ ስለሚቀመጥ ለትንሽ ጌጥ እንጂ ሙሉውን ለመቀባት አይሆንም።

ጥቁር ቀለም ለሚፈልግ ግን ጓዳችሁ ውስጥ ያለ ዘዴ አለ። የዛገ ምስማር በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ አቼቶ ሙሉበት። ጋዝ ስለሚፈጥር ክዳኑን አጥብቃችሁ አትዝጉ፤ ከእሳትም አርቁት። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ካቆያችሁ በኋላ በጨርቅ አጥሉት። ይህ ውሃ ሲቀባ ብረቱ ከቆዳው ታኒን ጋር ይገናኝና ቆዳው በደቂቃዎች ውስጥ ይጠቁራል። የሚሠራው በዕፅዋት በለፋው ቆዳ ላይ ብቻ ነው። ቀድማችሁ ወፍራም ሻይ ብትቀቡት ጥቁረቱ ይጨምራል። ከደረቀ በኋላ በግማሽ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጣችሁ ጥረጉት፤ አሲዱን ያበርደዋል። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ጠርጋችሁ፣ ሲደርቅ ጥቂት ዘይት ቀቡት። ዕቃው ላይ በትልቁ ጻፉበት፣ ለሰላጣ እንዳይገባ!

በዚሁ ምክንያት የረጠበ ቆዳ ብረት ላይ አታስቀምጡ፤ ጥቁር ምልክት ይዞ ይቀራል። ቀለል ያለ ቡናማ ለሚወድ ደግሞ ወፍራም ቡና ብዙ ጊዜ እየደጋገሙ መቀባት ይቻላል።

የትኛውንም ቀለም ብትመርጡ እነዚህን ልማዶች ያዙ። አስቀድማችሁ ከዚያው ቆዳ በተቆረጠ ቁራጭ ላይ ሞክሩ። አንድ ጊዜ አወፍሮ ከመቀባት ሁለት ሦስት ጊዜ አሳስቶ በክብ በክብ መቀባት ይሻላል። እርጥብ ሳለ የምታዩት ቀለም ሲደርቅ ይለያል፤ ስለዚህ ሳይደርቅ አትፍረዱ። ከደረቀ በኋላ በደረቅ ነጭ ጨርቅ ፈትጉት፤ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ አታቁሙ፤ አለበለዚያ የእሑድ ነጠላችሁን ያቀልመዋል። ሙጫ የነካው ቦታ ቀለም ስለማይቀበል መቀባት ከማጣበቅ ይቀድማል። በመጨረሻ የንብ ሰም አሙቃችሁ ከጥቂት ዘይት ጋር ቀላቅላችሁ በስሱ ቀቡት። የንብ ሰም በአገራችን በብዛት የሚገኝ ስለ ሆነ ከውጭ የመጣ ቅባት መፈለግ አያስፈልግም።

መሣሪያውን መምረጥ

ለመጀመር የሚያስፈልገው ከዚህ አይበልጥም፦ የሰላ ቢላዋ ወይም ካተር፣ የብረት ማስመሪያ፣ ወስፌ፣ ሁለት ጫፋቸው ደንዘዝ ያለ መርፌዎች፣ ጠንካራ ክር፣ የእንጨት ወይም የጎማ መዶሻ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ሰምና ሙጫ።

የደነዘ ቢላዋ ከሰላው ይልቅ ያቆስላል፤ ኃይል ስትጨምሩ ይንሸራተታልና። ማስመሪያውን አጥብቃችሁ ያዙ፣ አንድ ጊዜ በኃይል ከመቁረጥ ሦስት ጊዜ በቀስታ ቁረጡ። ከሥር ወፍራም የፕላስቲክ መክተፊያ አድርጉ፤ ነገር ግን ለዚህ ብቻ የተለየ ይሁን፤ ሽንኩርት የሚከተፍበት አይሁን።

የስፌቱን መስመር ለማስመር ልጃችሁ የተወው የሒሳብ ኮምፓስ ይበቃል፤ ከዳር 4 ሚሊ ሜትር ያህል ገባ በሉ። ቀዳዳዎቹ እኩል እንዲራራቁ ጥርስ ያለው መብሻ ይሸጣል፤ እርሱ እስኪገዛ ድረስ አሮጌ ሹካ በመስመሩ ላይ እየተጫናችሁ ምልክት አድርጉና በወስፌ ብሱት። መብሻውን በብረት መዶሻ አትምቱት፤ ራሱ ይደፈጠጣል። ከሥር የእምነበረድ ስባሪ አድርጋችሁ በላዩ ቁራጭ ቆዳ ካነጠፋችሁ ድምፁም ይቀንሳል፤ ጎረቤትም ይመርቃችኋል።

ክሩ የፖሊስተር ወይም የተልባ እግር ሆኖ በሰም የተወለወለ ይሁን። ርዝመቱ ከስፌቱ መስመር አራት እጥፍ፣ ከዚያም ትንሽ ጨመር ያለ ይሁን። ስፌቱም የኮርቻ ስፌት የሚባለው ነው። በአንድ ክር ሁለት ጫፍ ሁለት መርፌ ይገባል፤ አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ በአንድ ቀዳዳ ይተላለፋሉ። የመኪና ስፌት አንድ ቦታ ቢበጠስ ሊተረተር ይችላል። ይህ ግን አንዱ ቢበጠስ የቀሩት ይይዛሉ፤ እያንዳንዱ ጥልፍ በሁለቱም አቅጣጫ ክር ያለፈበት ነውና። ባልና ሚስት የሆናችሁ ይህን ስትሰፉ ሌላ ስብከት አያስፈልጋችሁም።

ዳሩን ለማሳመር በብርጭቆ ወረቀት አስተካክላችሁ፣ በጥቂት ውሃ አርሳችሁ፣ በለስላሳ እንጨት እስኪያብረቀርቅ ድረስ ፈትጉት። ይህም የሚሳካው በዕፅዋት በለፋው ላይ ነው። ስትሞርዱ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

ስለ ማስቲሽና ስለ ቤታችሁ አየር

እኅታችን ስለ ሽታው መጨነቅዋ ትክክል ነው። ማስቲሽ በአብዛኛው ቶሉይን የተባለና መሰሎቹ የሚተንኑ ኬሚካሎች አሉበት። በጎዳና ላይ ያሉ ልጆቻችንን የጎዳው ይኸው እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ በተዘጋ ክፍል አይከፈት፤ ክዳኑ ወዲያው ይዘጋ፤ በቁልፍ ይቀመጥ። ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ውስጥ ከቶ አይሠራበት። ማስቲሽም ሆነ የአልኮል ቀለም እሳት በቀላሉ ይይዛል። ቡና በከሰል እየፈላ፣ ሻማም በርቶ እያለ አጠገቡ ጣሳውን መክፈት አደጋ ነው። ቡናው ይቅደም፤ ከሰሉ ይውጣ፤ ከዚያ ሥራው ይጀመር።

ከሰፊው ሥራ ብዙው ያለ ማስቲሽ ይሠራል። ሙጫው እስኪሰፋ ድረስ ብቻ የሚይዝ ስለ ሆነ ነጭ ኮላ ይበቃል፤ ዋናው አቃፊ ክሩ ነው። ወንድሜ ሆይ፣ ይህን አንድ ለውጥ ብቻ ብታደርግ ከቤተሰብህ ጋር ያለህ ክርክር በግማሽ ይቀላል።

አብራችሁ የምትሠሩት የመጀመሪያ ሥራ

አባቶቻችን የብራና መጻሕፍትን በእንጨት ገበታ ደጉሰው በጌጠኛ ቆዳ ይሸፍኑ፣ ማኅደር በሚባል የቆዳ ከረጢትም ያንጠለጥሏቸው ነበር። እንግዲያስ የእናንተም የመጀመሪያ ሥራ የመጽሐፍ ቅዱስ ሽፋን ይሁን።

ለምሳሌ መጽሐፍ ቅዱሳችሁ ቁመቱ 21፣ ወርዱ 15፣ ውፍረቱ 4 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ሁለቱ ወርድና ውፍረቱ ሲደመሩ 34 ይሆናሉ፤ ለስፌት 2 ጨምሩና 36። ቁመቱም 2 ተጨምሮበት 23። ስለዚህ ዋናው ቁራጭ 36 በ23 ነው። የመጽሐፉ ልባስ ጫፍ የሚገባበት ሁለት ኪስ ደግሞ እያንዳንዱ 9 በ23 ይቆረጣል። ሁሉም ሲደመር 1242 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ከአንድ ስኩዌር ፊት ከሲሶ ጥቂት የሚበልጥ ነው። ለቁርጥራጭ አስባችሁ 2 ስኩዌር ፊት ግዙ። ቆዳውን ከመንካታችሁ በፊት ግን በጋዜጣ ወይም በካርቶን ቆርጣችሁ መጽሐፉን አልብሱት፤ ከፍታችሁም ሞክሩት።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መቁረጥ፣ መቀባትና ማድረቅ፣ በኮላ ማያያዝ፣ ማስመርና መብሳት፣ መስፋት፣ ዳሩን ማሳመር፣ ሰም መቀባት። የእያንዳንዱ ኪስ ስፌት በሦስት ጎን 41 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለእያንዳንዱ 2 ሜትር ክር ቁረጡ። አንዱን ኪስ ባል፣ ሌላውን ሚስት ይስፋ። ስፌታችሁ አንድ ዓይነት ላይሆን ይችላል። የማንኛው እንደሚያምር ግን አትጣሉ፤ መጽሐፉ ሲከፈት ሁለቱም ይታያሉና።

እኅታችን ሆይ፣ ባለቤትሽ ለብዙ ዓመታት በመሥሪያ ቤት የተፈለገ ሰው ነበር። አንድ ቀን ማንም ሳይፈልገው ነቃ። ወስፌውን ያነሣው ቆዳ ስለ ወደደ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ እጁ ገና እንደሚጠቅም ማወቅ ፈልጎ ይሆናል። ይህን ከአንቺ በቀር የሚነግረው የለም። ስለ ገንዘቡ በግልጽ ተናገሪው፤ ስለ ማስቲሹ አጥብቀሽ ተናገሪው፤ ከዚያ መርፌውን ተቀበዪው። ጎረቤትም ሲቀልድ፣ አብረን ነው የምንሠራው ብለሽ መልሽ።

ለባልና ለሚስት የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችን ውስጥ አንዳችን የምንወደው ሌላችን ግን የምናፍርበት ሥራ አለን? ኀፍረቱ ከየት መጣ?

2. ሳንማከር የምናወጣው ገንዘብ አለን? በወር ምን ያህል ቢሆን ሁለታችንም በሰላም እንተኛለን?

3. በሳምንት አንድ ምሽት ቴሌቪዥኑን ዘግተን በእጃችን አብረን የምንሠራው ምን ሊሆን ይችላል?

4. በጉባኤያችን በሙያው ወይም በዘሩ የተናቀ ሰው አለን? ጴጥሮስ በስምዖን ቤት እንደ ተቀመጠ በማን ቤት ሄደን ቡና እንጠጣ?

የእጃችሁን ሥራ እግዚአብሔር ያጽናላችሁ። ቤታችሁን ሰላም ያድርገው። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።